ስለ እድፍ ውኃ መጥራትና አርኬታ የምትባል ትንሽ ከተማ ስለ ሠራችው ሥራ

ሰው ውኃ ሲቀዳ ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል፤ ታጥቦበት ሲደፋው ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን ውኃ ስለ ተደፋ አይጠፋም። ከደጅ ወደ ቦይ፥ ከቦይም ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ወይም ወደ መሬት ሰርጎ ከጕድጓድ ውኃ ጋራ ይቀላቀላል። የላይኛው መንደር የደፋውን የታችኛው መንደር ይቀዳዋል። ስለዚህ የእድፍ ውኃ ነገር የጽዳትና የማማር ነገር ብቻ አይደለም፤ የሕይወትና የሞት ነገር ነው፤ ደግሞም በጎረቤትና በጎረቤት መካከል የፍርድ ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ አስቀድመን እድፍ ውኃ ምን እንደ ሆነ፥ ቀጥሎም በምን ዓይነት ጥበብ እንደሚጠራ፥ ከዚያም በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት ያለች አርኬታ የምትባል ትንሽ ከተማ የእድፍ ውኃዋን እንዴት አድርጋ እንዳጠራች እናስረዳለን። በመጨረሻም ለመንደርና ለተማሪ ቤት የሚጠቅመውን ትምህርት እንገልጻለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

1ኛ፤ እድፍ ውኃ ምን እንደ ሆነ

በእድፍ ውኃ ውስጥ አራት ዓይነት ነገር ይገኛል። አንደኛው በዓይን የሚታየው ጓል፥ አሸዋ፥ ጨርቅ፥ የምግብ ፍርፋሪና ይህን የመሰለው ነው። ሁለተኛው ስኳር በውኃ እንደሚሟሟ ተሟሙቶ የማይታየው፥ ሲከርም ግን የሚበሰብሰውና የሚከረፋው ነው። ሦስተኛው ከሽንትና ከዓይነ ምድር፥ ከሳሙናም የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሚባለው ነው። ይህ ለእርሻ ማዳበሪያ ሲሆን መልካም ነው፤ በሐይቅ ውስጥ ሲበዛ ግን አረንጓዴ አረም አብዝቶ ውኃውን ያፍነዋል። አራተኛውና የሁሉ ክፉ የሆነው በሽታን የሚያመጡ ደቃቃን ተሐዋስያን ናቸው። እነዚህም ከማነሳቸው የተነሣ ያለ አጕሊ መነጽር አይታዩም።

ይህ አራተኛው ክፍል ውኃ ጥሩ መስሎ ሳለ ሰውን እንዲገድል ያደርገዋል። ለዚህም የታወቀ ምስክር አለ። በ1854 ዓመት በኦገስት ወር መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ገባ። በዐሥር ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ከ500 የሚበልጥ ሰው ሞተ። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ በሽታው ከክፉ ሽታና ከተበላሸ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የሚባለው ሐኪም ግን ነገሩ ከውኃ ነው ብሎ ስለ ጠረጠረ፥ ሰው የሞተበትን ቤት እየዞረ ከየትኛው ጕድጓድ ይቀዱ እንደ ነበር ጠየቀ። ከሞቱትም አብዛኞቹ በብሮድ መንገድ ላይ ካለው ጕድጓድ የጠጡ ሆነው ተገኙ። በዚያው አጠገብ በቢራ ፋብሪካ የሚሠሩት ሰዎች ግን ቢራ ይጠጡ ስለ ነበረ በሽታው አልጎዳቸውም። ደግሞ ከዚያ ሰፈር ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴት የዚያን ጕድጓድ ውኃ ጣዕሙን ስለ ወደደችው እያስመጣች ትጠጣ ነበርና እርስዋም በዚያው በሽታ ሞተች። ስኖው ይህን ሁሉ ለሰፈሩ ሹማምንት አስረዳቸው፤ በሴፕቴምበር 8 ቀንም የጕድጓዱ መሳቢያ እጀታ ተነቀለ። በኋላ ሲመረመር ከጕድጓዱ አጠገብ በአንድ ቤት ሥር ያለው የእድፍ ጕድጓድ ግንቡ ላልቶ ወደ መጠጡ ውኃ ይሰርግ እንደ ነበር፥ በዚያም የታመመ ሕፃን የታጠበበት ውኃ ተደፍቶበት እንደ ነበር ታወቀ። የበሽታውን ተሐዋሲ ሮበርት ኮህ የሚባል የጀርመን ሐኪም በ1884 ዓመት ለይቶ ገለጠው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ውኃ ጣዕም ስላለው ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ እንዲሁም አንዱ ቤት የደፋው እድፍ ሰፈርን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል።

2ኛ፤ ወንዝ ራሱን የሚያጠራበት ምክንያት

ሽማግሎች ወራጅ ውኃ እየወረደ ይጠራል ሲሉ እንሰማለን። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ማወቅ ይገባል። በወንዝ ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ ደቃቃን ተሐዋስያን ይኖራሉ። ከእነርሱም አብዛኞቹ በሽታ የሚያመጡ አይደሉም፤ እድፉን እየተመገቡ የሚኖሩ ናቸው። እድፉን ሲበሉ ግን እንደ ሰውና እንደ እንስሳ ኦክሲጅን የሚባለውን የአየር ክፍል ይፈልጋሉ። ውኃም በውስጡ የሚይዘው ኦክሲጅን እጅግ ጥቂት ነው። በመጠነኛ ሙቀት፥ ይኸውም በ20 ዲግሪ፥ በባሕር ጠረፍ ባለ አገር አንድ ሊትር ውኃ የሚይዘው 9 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ውኃው እየሞቀ በሄደ መጠን፥ አገሩም ደጋ በሆነ መጠን ከዚህ ያንሳል።

እድፉ ጥቂት የሆነ እንደ ሆነ ወንዙ ከነፋሱ አዲስ ኦክሲጅን እየወሰደ፥ በድንጋይ ላይ እየተንከባለለ ይጠራል። እድፉ የበዛ እንደ ሆነ ግን ተሐዋስያኑ ኦክሲጅኑን ሁሉ ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ታፍኖ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ያለ አየር የሚኖሩት ሌሎች ተሐዋስያን ይነግሣሉ፤ እንደ ተበላሸ ዕንቁላል የሚሸተው ክፉ ሽታም ከእነርሱ ሥራ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ወንዝ የሚሸከመው ልክ አለው፤ ከልኩ በላይ ሲጫንበት እንደ ደከመ በቅሎ ይወድቃል። መንደር በነበረበት ስፍራ ከተማ ሲቈረቈር የሚሆነው ይህ ነው።

3ኛ፤ ሦስቱ የማጥራት ደረጃዎች

መሐንዲሶች የሚሠሩት የማጣሪያ ስፍራ በመሠረቱ ወንዙ በብዙ ቀን መንገድ የሚሠራውን ሥራ በአንድ በተወሰነ ግቢ ውስጥ ሰብስቦ ማሠራት ነው። ሥራውም በሦስት ደረጃ ይከፈላል።

የመጀመሪያው ደረጃ መለየት ነው። እድፍ ውኃው በብረት ወንፊት ውስጥ ያልፋል፤ ጨርቁና እንጨቱ በዚያ ይቀራል። ከዚያም አሸዋው ይቀመጣል። ቀጥሎም ውኃው በሰፊ ገንዳ ውስጥ ጸጥ ብሎ እንዲቈይ ይደረጋል። የጠላ አተላ ወደ ታች ወርዶ ጠላው ከላይ እንደሚጠራ፥ እንዲሁ ከባዱ እድፍ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል።

ሁለተኛው ደረጃ ተሐዋስያንን ማሠራት ነው። በ1914 ዓመት በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ታላቅ ነገር ገለጡ። በእድፍ ውኃ ውስጥ አየር ሲነፉበት በመጀመሪያ ለመጥራት አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ነገር ግን የጠራውን ውኃ ቀድተው ዝቃጩን ሳይጥሉ አስቀሩት፤ በእርሱም ላይ ሌላ እድፍ ውኃ ጨመሩበት። ይህንም ደጋግመው ባደረጉ ጊዜ ቀድሞ በሳምንታት ይሆን የነበረው ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ተፈጸመ። የነገሩን ምሥጢር እንጀራ የሚጋግሩ እናቶቻችን ያውቁታል። ከትላንቱ ቡሖ እርሾ ያላስቀረች ሴት ሊጥዋ ቶሎ አይቦካላትም። ዝቃጩም በተሐዋስያን የተመላ እርሾ ነው። ዛሬ በዓለም ያሉ ታላላቅ ከተሞች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ይሠራሉ፤ ነገር ግን አየር የሚነፋው መኪና ሌሊትና ቀን ያለ ማቋረጥ ስለሚሠራ የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኀይል ብዙ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ከሁለቱ የተረፈውን ማጣራት ነው፤ ይህም ከፍተኛ ማጥራት ይባላል። በዚህ ደረጃ ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱ ይቀነሳል፤ የቀረው ደቃቅ ጓል በአሸዋ ወይም በሌላ ማጥለያ ይያዛል፤ የበሽታው ተሐዋስያንም በክሎሪን ወይም ዓይን በማያየው ብርቱ ብርሃን ይገደላሉ። ምን ያህል ማጥራት እንደሚገባ የሚወስነው ውኃው የሚሄድበት ስፍራ ነው። ለሰፊ ባሕር የሚበቃው ለትንሽ ሐይቅ አይበቃም። በአፍሪካ በናሚቢያ አገር የዊንድሁክ ከተማ ዝናብ ስለማይበቃት ከ1968 ዓመት ጀምሮ የእድፍ ውኃዋን በብዙ ደረጃ አጥርታ መልሳ ለመጠጥ አድርጋዋለች። ይህን የመሰለ ሥራ ግን ብዙ ዕቃና ብዙ የሠለጠነ ሰው፥ ያላቋረጠም ምርመራ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ትንሽ ከተማ፥ ገንዘቧም ጥቂት የሆነ፥ ምን ታድርግ? የአርኬታ ታሪክ የሚጠቅመን ስለዚህ ነው።

4ኛ፤ አርኬታና የገጠማት ክርክር

አርኬታ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተሰሜን በመኪና መንገድ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ሐምቦልት በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ሕዝብዋ 18,000 ያህል ነው። አገሩ ጉም የሚበዛበት ቀዝቃዛ አገር ነው። ጥንት ነዋሪዎችዋ ብዙዎቹ ከዱር ታላላቅ ዛፍ በመቍረጥና ሳንቃ በመሰንጠቅ ይኖሩ ነበር። በወሽመጡም ውስጥ ኦይስተር የሚባለው ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ ለምግብ ይረባል። ይህም እንስሳ ውኃውን በሰውነቱ እያጠለለ የሚመገብ ስለ ሆነ፥ ውኃው በበሽታ ቢበከል በሽታውን በውስጡ ያከማቸዋል፤ የበላውንም ሰው ያሳምመዋል።

ከተማዪቱ እድፍ ውኃዋን አስቀድማ ሳታጠራ ወደ ወሽመጡ ትለቅ ነበር። በኋላ የማዝቀጫ ገንዳ ሠራች፤ ከ1950 ዓመት ወዲህም ሰፊ ኩሬዎች ቈፈረች። በ1972 ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ስለ ውኃ ንጽሕና ጽኑ ሕግ አወጣ። በ1974 ዓመትም የካሊፎርኒያ ግዛት ወደ ተዘጉ ወሽመጦች እድፍ ውኃ እንዳይለቀቅ ከለከለ፤ የሚፈቀደውም የሚለቀቀው ውኃ ወሽመጡን የሚጠቅም መሆኑን ለሚያስረዳ ብቻ ሆነ።

በዚህ ምክንያት በወሽመጡ ዙሪያ ላሉት ከተሞች ሁሉ አንድ ታላቅ ማጣሪያ እንዲሠራ ታሰበ። እድፉ ውኃ በረጅም ቧንቧ፥ ከወሽመጡም በታች ተሻግሮ፥ ወደ አንድ ስፍራ ከተሰበሰበ በኋላ ተጠርቶ ወደ ውቅያኖስ ሊጣል ነበር። ወጪውም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠር ዶላር ነበር። ከዚህም ሌላ ውኃውን የሚገፉት መኪናዎች የሚፈጁት ኀይል ብዙ ነበር፤ ይህንም ዕዳ ትንንሾቹ ከተሞች ለብዙ ዘመን ሊከፍሉት ነበር።

የአርኬታ ሰዎች ይህን በሰሙ ጊዜ ተከራከሩ። ክርክራቸውም እድፋችንን አናጠራም የሚል አልነበረም፤ በሌላ መንገድ እናጠራለን የሚል ነበር እንጂ። በከተማዪቱ ባለው ሐምቦልት በተባለው የከፍተኛ ትምህርት ቤት ጆርጅ አለን የሚባሉ የዓሣ ነገር መምህር፥ ሮበርት ጊርኸርትም የሚባሉ መሐንዲስ ነበሩ። የከተማዪቱም የሥራ ሹም ፍራንክ ክሎፕ ይባሉ ነበር። አለን አስቀድመው ከኩሬው የወጣውን ውኃ ከባሕር ውኃ ጋራ እየቀላቀሉ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ጫጩት ያሳድጉበት ነበር። ዓሣው ያድግ ስለ ነበረ፥ በልክ የተጣራ እድፍ ውኃ ጥፋት ብቻ ሳይሆን ሀብትም ሊሆን እንደሚችል በዓይን ታየ። እነዚህም ሰዎች ውኃውን ተክል በበዛበት ረግረግ ውስጥ ብናሳልፈው ይጠራል፤ ረግረጉም ለወፍና ለዓሣ መኖሪያ ስለሚሆን ወሽመጡን ይጠቅማል፤ ሕጉም የጠየቀው ይህን ነው አሉ።

ሹማምንቱ በቃል ብቻ አላመኑም፤ ማስረጃ አምጡ አሉ። ይህም ተገቢ ነበር፤ በሰው ጤና ላይ የሚሆን ነገር በተስፋ ብቻ አይፈቀድምና። ስለዚህ ከ1979 እስከ 1982 ዓመት ድረስ ትንንሽ የመሞከሪያ ረግረጎች ተሠርተው፥ የገባውና የወጣው ውኃ እየተመዘነ ተጻፈ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ በክርክር ያልተፈታው ነገር በትዕግሥትና በመዝገብ ተፈታ። ፈቃድም ተሰጠ። ሥራው በ1986 ዓመት ተፈጽሞ ከተማዪቱ በሙሉ በዚህ መንገድ ማጣራት ጀመረች። በ1987 ዓመትም ፎርድ ፋውንዴሽንና የሃርቫርድ ትምህርት ቤት ለአዲስ የመንግሥት ሥራ የሚሰጡትን የ100,000 ዶላር ሽልማት ተቀበለች።

5ኛ፤ ውኃው በአርኬታ የሚያልፍበት መንገድ

አሁን በ1986 ዓመት በተፈጸመው ሥርዓት ውኃው እንዴት እንደሚሄድ በቅደም ተከተል እንግለጥ።

ከየቤቱ በቧንቧ የመጣው እድፍ ውኃ አስቀድሞ በወንፊት ያልፋል፤ አሸዋውን ይጥላል፤ በማዝቀጫ ገንዳም ይቈያል። ከታች የቀረው ዝቃጭ አየር በማይገባበት በተዘጋ ጋን ውስጥ ይከተታል። በዚያም ይብላላል፤ ሲብላላም የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል።

ከላይ የጠራው ውኃ 20 ሄክታር ያህል ስፋት ወዳላቸው ኩሬዎች ይገባል። በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍጥረቶች እንደ ጎረቤት እየተበዳደሩ ይኖራሉ። አንደኛው ወገን ከዚህ በፊት የተናገርንላቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። ሁለተኛው ወገን ዋቅላሚ የሚባለው፥ ውኃውን አረንጓዴ የሚያስመስለው ደቃቅ ተክል ነው። ዋቅላሚው በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ያወጣል፤ ባክቴሪያው ይህን ኦክሲጅን ተቀብሎ እድፉን ይበላል። ባክቴሪያውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ዋቅላሚው እርሱን ተቀብሎ ያድጋል። አየር ለመንፋት በሌላ ስፍራ መኪና የሚሠራውን ሥራ በዚህ አብዛኛውን ፀሐይ ይሠራዋል።

ነገር ግን ከኩሬው የሚወጣው ውኃ በዋቅላሚ የተመላ ስለ ሆነ ገና አልጠራም። ዋቅላሚውም እንዲሁ ቢለቀቅ በወሽመጡ ውስጥ ሞቶ ይበሰብስና እንደ ገና ኦክሲጅን ይጨርሳል። ስለዚህ ውኃው ወደ ማጣሪያው ረግረግ ይገባል። በዚያ ፊላና ፊላን የመሰለ ሌላ ረጅም የውኃ ተክል ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። የተክሉ ሥራ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ጥላው ብርሃን ስለሚከለክል ዋቅላሚው ይሞትና ይዘቅጣል። ሁለተኛ፥ ግንዱና ሥሩ የውኃውን ሩጫ ስለሚያበርደው የቀረው ጓል ይቀመጣል። ሦስተኛ፥ ከውኃው በታች ያለው ግንድ ሁሉ የባክቴሪያ ማደሪያ ይሆናል፤ አንዱ ዘንግ ብዙ እልፍ ሠራተኛ ይሸከማል። ብዙ ሰው ውኃውን የሚያጠራው ተክሉ ራሱ እየመጠጠ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዋናው ሥራ በተክሉ ላይ ያደሩት ባክቴሪያዎች ሥራ ነው።

ናይትሮጅን የሚቀነስበትም መንገድ እንዲህ ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አስቀድሞ አሞንያ ይሆናል፤ እርሱም በሽንት ቤት አፍንጫን የሚወጋው ነው። አየር ባለበት ስፍራ አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞንያውን ናይትሬት ወደሚባል ጨው ይለውጡታል። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። ይህም ጋዝ ዘወትር የምንተነፍሰው የአየሩ ትልቅ ክፍል ስለ ሆነ ወደ ላይ ወጥቶ ያለ ጕዳት ይበተናል።

ከማጣሪያው ረግረግ የወጣው ውኃ በክሎሪን ከታከመ በኋላ አለን፥ ጊርኸርትና ሃውዘር ወደሚባሉት ሦስት ሰፋፊ ረግረጎች ይሄዳል። ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከላይ ከጠቀስናቸው መምህራን ነው። በዚያም ቈይቶ ይመለስና እንደ ገና በክሎሪን ይታከማል፤ ክሎሪኑም ለዓሣ መርዝ ስለ ሆነ ተወግዶለት ወደ ወሽመጡ ይለቀቃል።

ይህ ሁሉ ረግረግ የተሠራበት ምድር ቀድሞ ያማረ ስፍራ አልነበረም። የከተማው ጥራጊ የሚጣልበት፥ የእንጨት ሥራ ከቆመ በኋላም የተተወ ባዶ ስፍራ ነበር። ዛሬ በጠቅላላው 124 ሄክታር ያህል፥ በእኛ አገር ጥንታዊ ልክ ሦስት ጋሻ የሚያህል፥ የወፎችና የአራዊት መጠጊያ ሆኗል። በዚያ የታዩት የወፍ ዓይነቶች ከ300 ይበልጣሉ። ሰው በመንገዱ ይንሸራሸርበታል፤ ተማሪዎች እየሄዱ ይማሩበታል። ሌላው ከተማ ሽታውን ሸሽቶ ከሚርቀው ስፍራ እነርሱ ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

6ኛ፤ የዚህ ሥራ ጕድለት

መልካሙን ብቻ ተናግሮ ጕድለቱን መደበቅ ለትምህርት አይገባም። ይህ ዓይነት ማጣሪያ አራት ጕድለት አለው።

አንደኛ፥ ብዙ መሬት ይፈልጋል። መኪና በትንሽ ግቢ የሚሠራውን ረግረግ የሚሠራው በሰፊ መስክ ላይ ነው። መሬት ለጠበባት ታላቅ ከተማ አይሆንም።

ሁለተኛ፥ ቀን ይፈልጋል። ባክቴሪያ በብርድ ጊዜ ሥራው ይቀዘቅዛል። ክረምት ሲመጣም የዝናብ ውኃ በአሮጌ ቧንቧ ስንጥቅ እየገባ ስለሚበዛ ውኃው በማጣሪያው ውስጥ የሚቈይበት ጊዜ ያጥራል።

ሦስተኛ፥ ጠባቂ ይፈልጋል። የሞተው ተክልና ዝቃጩ በየዘመኑ ይከማቻል፤ ካልተጠረገ ውኃው መንገዱን ያጣል። ረግረግ ከተሠራ በኋላ ብቻውን የሚኖር አይደለም፤ እንደ እርሻ ባለቤት የሚጠብቀው ነው።

አራተኛ፥ ከፋብሪካ የሚወጣውን መርዝና እርሳስን የመሰለውን ብረት ባክቴሪያ በልቶ አያጠፋውም። ይህን ከመነሻው፥ ገና ወደ ቧንቧው ሳይገባ መከልከል ይገባል። አርኬታን ደግሞ የሚያሳስባት ሌላ ነገር አለ፤ ማጣሪያዋ ከባሕሩ ዳር በዝቅተኛ ስፍራ ስለ ተሠራ፥ የዓለም ሙቀት እየጨመረ የባሕሩ ውኃ ከፍ ባለ ቍጥር አደጋ ላይ ይወድቃል።

7ኛ፤ ለመንደርና ለተማሪ ቤት የሚሆን ትምህርት

መምህር ሆይ፤ ይህን ካነበቡ በኋላ በመንደራችን ካለው ረግረግ እድፍ እንልቀቅበት የሚል ሰው ቢነሣ ይከልክሉት። የአርኬታ ረግረግ በልክ የተሠራ፥ ውኃውም የሚለካና የሚመረመር ነው። ያልተለካ ረግረግ ግን ምንጭን ያበላሻል፤ ቈላም ከሆነ የወባ ትንኝ ያራባል። ደግሞ በመንደር የእድፍ ቧንቧ የለም፤ ቧንቧ ከሌለ የሚጠራ ፈሳሽ አይሰበሰብም። በአገራችን ይህ ሥራ የሚገባው ለከተማ ነው፤ በአዲስ አበባም በቃሊቲ በኩል የፍሳሽ ማጣሪያ አለ። ለመንደር የሚሆነው ግን ከዚህ የሚቀልል ነው።

የመጀመሪያው እድፍንና ውኃን ማራራቅ ነው። የሽንት ቤት ጕድጓድ ከመጠጥ ውኃ ጕድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ይህም ብቻ አይበቃም፤ ውኃ ወደ ታች ስለሚሰርግ ከምንጩ በታች እንጂ በላይ መቈፈር አይገባውም። የጕድጓዱም ግርጌ በክረምት የከርሰ ምድር ውኃ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ መሆን አለበት። በሶሆ የሆነው ጥፋት ሁሉ የመጣው ይህ ሥርዓት ስላልተጠበቀ ነው።

ሁለተኛው የመጠጥ ውኃን ማፍላት ነው። ውኃው በሚገባ ተንፈቅፍቆ ለአንድ ደቂቃ ቢፈላ የበሽታው ተሐዋስያን ይሞታሉ። በደጋ አገር ግን ውኃ በጥቂት ሙቀት ስለሚፈላ፥ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ሦስት ደቂቃ መፍላት ይገባዋል። ደጋችን አብዛኛው ከዚህ በላይ ስለ ሆነ ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። የፈላውም ውኃ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ በእጅ የተነካ ዋንጫም አይግባበት።

ሦስተኛው እጅን ከሽንት ቤት በኋላና ከምግብ በፊት በሳሙና፥ ሳሙናም ከታጣ በአመድ መታጠብ ነው።

ለተማሪዎችም ነገሩን በዓይን ለማሳየት ይህን ያድርጉ። አንድ ማሰሮ የደፈረሰ የወንዝ ውኃ ያስመጡ። ከእርሱ በአንድ ብርጭቆ ቀድተው ጸጥ ብሎ ይቀመጥ፤ በማግሥቱ አፈሩ ከታች ዘቅጦ፥ ውኃው ከላይ ጠርቶ ይታያል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ምሳሌ ነው። ቀጥሎ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ቅል ወይም ጣሳ ውስጥ ከታች ጠጠር፥ ከላዩ ደቃቅ የታጠበ አሸዋ ይደልድሉ፤ ከላይ ጠርቶ የታየውን ውኃ ቀስ ብለው ያፍስሱበት። የወጣው ውኃ ከፊተኛው ይልቅ ይጠራል። አሁን ልጆቹን ይህ ውኃ ይጠጣልን? ብለው ይጠይቋቸው። አብዛኞቹ አዎን ይላሉ። በዚያን ጊዜ የሎንዶኗን ባልቴት ታሪክ ይንገሯቸው፤ ጥሩ የሚመስል ውኃ ሁሉ ንጹሕ አለመሆኑን፥ በእንዲህ ያለ አሸዋ ውስጥ የበሽታ ተሐዋስያን ሊያልፉ እንደሚችሉ፥ ውኃውም ሳይፈላ እንደማይጠጣ ያስረዷቸው። ይህን አንድ ነገር ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ ለእናቱና ለታናናሾቹ ብዙ ይጠቅማል።

ለሽማግሎችም የምንለው ይህ ነው። የመንደር ምንጭ የአንድ ሰው ሀብት አይደለም። ስለ ወሰንና ስለ ግጦሽ የሚፈርድ ሸንጎ፥ ስለ ምንጩም ሊፈርድ ይገባዋል። ማን ከምንጩ በላይ ጕድጓድ ቈፈረ? ከብት የሚጠጣበት ስፍራ ከሰው መቅጃ በታች ነውን? ልብስ የሚታጠበው የት ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ቀን ጉባኤ መወሰን ይቻላል፤ ገንዘብም አይፈጅም። የአርኬታ ሰዎች ከታላቅ ቧንቧ ዕዳ የዳኑት ከሌላው የሚበልጥ ሀብት ኖሯቸው አይደለም። ስለ ውኃቸው ተቀምጠው ስለ ተመካከሩ፥ የተማረውም ሰው ያወቀውን ለከተማው ስላካፈለ፥ ሹማምንቱም ማስረጃውን አይተው ስለ ፈረዱ ነው። ምክር፥ ዕውቀትና ፍርድ ደግሞ በየትኛውም መንደር ሊገኙ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።